ሌሊት አውርዶ ቀን ማስተማር፦ ለእኛ ክፍል የሚሆነው የኢንተርኔት መሣሪያ የቱ ነው?

ብዙ መምህር ስልኩን ይዞ የሚቀመጠው ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል፤ ያልታረመው የፈተና ወረቀት ጠረጴዛ ላይ እንደተከመረ ነው፤ ኔትወርኩ ግን በዚያ ሰዓት ትንሽ ይሻላል። የሌሊት ጥቅል ይገዛና ለነገ የሚያስፈልገውን ያወርዳል፦ አጭር ቪዲዮ፣ የመማሪያ መጽሐፉን ፒዲኤፍ፣ የአምናውን ሞዴል ፈተና። ጠዋት ክፍል ሲገባ ሃምሳ ስድሳ ተማሪ ይጠብቀዋል። መብራት ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ሶኬቱ ከተነቀለ ዓመት ሊሆነው ይችላል። ዳታውም ቪዲዮው ግማሽ ሳይደርስ ያልቃል።

«ለመምህራን የሚጠቅሙ ሃምሳ መተግበሪያዎች» እየተባለ የሚዞረው ዝርዝር ይህን ክፍል አያውቀውም። የተዘጋጀው እያንዳንዱ ልጅ ፊት ኮምፒውተር ተቀምጦ፣ ኢንተርኔቱ ከጠዋት እስከ ማታ ሳይቆራረጥ ለሚሠራበት ትምህርት ቤት ነው። ዝርዝሩን አምኖ አሥር መተግበሪያ የጫነ ባልደረባ በሁለት ሳምንት ውስጥ የስልኩ ቦታ ይሞላና ሁሉንም ያጠፋቸዋል። «ቴክኖሎጂ ለእኛ አልተፈጠረም» ብሎም ይደመድማል። እኔ በዚህ አልስማማም። ችግሩ ከመመዘኛችን ነው። አንድ መሣሪያ ኢንተርኔት ሲኖር የሚሠራውን ብቻ እያየን እንመርጣለን፤ መጠየቅ ያለብን ግን ኔትወርኩ ሲሄድ ምን ይቀራል ብለን ነው። ሌሊት ወርዶ ቀን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በአንድ ስልክ ወይም በአንድ ላፕቶፕ ሙሉ ክፍል የሚያሳትፍ፣ መምህሩ ቁም ሲለው የሚቆም ከሆነ ለእኛ ክፍል ይሆናል።

የመጨረሻውን፣ ቁም ሲባል መቆምን፣ ያወቅነው በፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ሲገባ የተማረ ሰው ያን ጊዜ አይረሳውም። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይመጣል። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፤ መሃሉ ግን የቴሌቪዥኑ ነው። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ማንም አይጠብቀውም። ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ገልብጦ ሳይጨርስ ሰሌዳው ይለወጣል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። ፕላዝማው ላቦራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ሙከራ አሳይቷል፣ ብቁ መምህር ላላገኘ ወረዳ ጥሩ አስረጂ አምጥቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ስህተቱ ትምህርቱን የሚመራውን ሰው ወደ ተመልካችነት ማውረዱ ነበር። ዛሬ አንድ መምህር የ40 ደቂቃ ዩቲዩብ ቪዲዮ ከፍቶ ጥግ ላይ ሲቀመጥ ሳይ የሚታየኝ ያው ፕላዝማ ነው፤ ማያው አንሷል እንጂ ሌላው አልተለወጠም።

ተቃራኒውን ላሳያችሁ። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ስለ ሰርኪዩት፣ ማለትም ኮረንት ስለሚዞርበት መስመር፣ ሳስተምር ከተማሪዎቼ ጭንቅላት ለማውጣት በጣም የሚያስቸግረኝ አንድ እምነት አለ፤ ኮረንቱ የመጀመሪያውን አምፖል ሲያበራ ከፊሉ ያልቃል፣ ሁለተኛው የሚያገኘው ትራፊውን ነው የሚል። ሰሌዳ ላይ ቀመር ጽፌ ሲሪየስ ሰርኪዩት (አምፖሎቹ በአንድ መስመር ተከታትለው የተያያዙበት) ውስጥ ኮረንት በሁሉም ቦታ እኩል ነው ብላቸው ይጽፋሉ፣ ፈተና ላይም ይመልሳሉ፤ ልባቸው ግን አላመነም። አሁን የምጠቀመው ፌት የሚባለውን በኮምፒውተር የሚሠሩ የማስመሰያ ሙከራዎች ስብስብ ነው። ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲው ካርል ዋይመን ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2001ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዱ ነው። በምርምሩ ዓለም እዚያ የደረሰ ሰው ፊቱን ወደ ክፍል ማስተማር ማዞሩ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

የሰርኪዩቱ ሙከራ በነፃ የሚወርድ፣ ጥቂት ሜጋባይት የሚይዝ ፋይል ነው። አንዴ ከወረደ ላፕቶፕ ላይ ያለ ኢንተርኔት በተራ ብራውዘር ይከፈታል። ባትሪ፣ ሽቦ፣ ሁለት አምፖል አገናኛለሁ፤ ማብሪያውን ግን አልዘጋውም። «ስዘጋው የትኛው አምፖል ይደምቃል?» እላለሁ። «የመጀመሪያው! ቲቸር፣ ሁለተኛው ይደበዝዛል» ይላሉ፣ አብዛኞቹ በአንድ ድምፅ። ምክንያታቸውን ለአጠገባቸው ልጅ እንዲያስረዱ ሁለት ደቂቃ እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ እዘጋዋለሁ። ሁለቱም አምፖሎች እኩል ይበራሉ፤ ሰማያዊዎቹ ኤሌክትሮኖችም ከአምፖሉ በፊትም ሆነ በኋላ በአንድ ፍጥነት ሲጓዙ ይታያሉ። ክፍሉ ለአፍታ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ለእኔ የትምህርቱ ዋና ክፍል ነው። ኮምፒውተሩ የሠራው የአሥር ሰከንድ ሥራ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ግምትና ክርክር፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው «ታዲያ የሚያልቀው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በእኔና በእነሱ መካከል ነው። ፕሮጀክተር በሌለበት ቀን ላፕቶፑን በየረድፉ አዙሬ አሳይቼ አውቃለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይሠራል።

የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የሒሳብ መምህራንም እዚያው ስብስብ ውስጥ የየራሳቸውን ያገኛሉ። ክፍልፋይ የሚያስተምር የአንደኛ ደረጃ መምህርም እንዲሁ። ጽሑፎቹን ወደ ሌላ ቋንቋ መተርጎም የሚያስችል መንገድም ክፍት ነው፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚያስተምሩ ባልደረቦች ቢያዩት መልካም ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ዋጋው ከወረቀት አይበልጥም። ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ማን እንደገባውና ማን እንዳልገባው ማወቅ የመምህርነት ትልቁ ጭንቅ ነው። «ገባችሁ?» ሲባል ሁሉም «አዎ» ይላል። ካሁት የመሳሰሉት የጥያቄ ጨዋታዎች ጥሩ ናቸው፣ ግን እያንዳንዱ ልጅ ወይም ቡድን መሣሪያ እንዲይዝ ይፈልጋሉ። ፕሊከርስ የሚባለው ይህን ተሻግሮታል። ስልክ የሚይዘው መምህሩ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ የሚይዙት ፎቶ ኮፒ ቤት የታተመ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ቅርጽ አለ፣ የእያንዳንዱ ልጅ ቅርጽ ከሌላው ይለያል። በአራቱ ጎኖች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ በደቃቁ ተጽፈዋል። ልጁ መልሱ ቢ ከሆነ ቢ ወደ ላይ እንዲሆን ወረቀቱን አዙሮ ከፍ ያደርጋል። መምህሩ የስልኩን ካሜራ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ሲያዞር የሁሉም መልስ ከነስማቸው ይመዘገባል። ፊደሎቹ ደቃቅ በመሆናቸው፣ ቅርጹም የተለያየ በመሆኑ ከጎረቤት መኮረጅ አይመችም። የካርዶቹ ትልቁ ስብስብ እስከ 63 ተማሪ ይበቃል፤ ለብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ይህ ቁጥር ለክቶ የተሰፋ ይመስላል።

መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ከጠየቅኳቸው አምስት ጥያቄዎች አንዱ ያው የአምፖል ጥያቄ ነበር። ትምህርቱን ጨርሻለሁ ብዬ ከማምንበት ምዕራፍ በኋላ ነው። እሱን ከክፍሉ ግማሽ በላይ ተሳስቷል። ሁልጊዜ እጃቸውን የሚያወጡት የፊት ወንበር ልጆች በትክክል መልሰዋል፣ እኔም ለዓመታት ክፍሉን በእነሱ ስለካው ነበር። ከኋላ ተቀምጣ በሴሚስተሩ አንዴም ያልተናገረች ልጅ ደግሞ አምስቱንም ጥያቄ አግኝታለች። ስሟን ከዚያ ቀን በፊት አላውቀውም ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጉድለቱን ለመናገር ያህል፣ ውጤቱ የሚቀመጠው ኢንተርኔት ላይ ስለሆነ ጥቂት ዳታ ይፈልጋል፤ ካርዱንም ጥቅጥቅ ባለ ወረቀት ካላሳተሙት በሳምንት ይተጣጠፋል።

ትምህርት ቤቱ አሮጌ የኮምፒውተር ክፍል ካለው ደግሞ ኮሊብሪን ማወቅ ያስፈልጋል። ለርኒንግ ኢኳሊቲ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሠራው ነፃ ሶፍትዌር ነው፣ ኢንተርኔት ለሌለበት ቦታ ታስቦ የተሠራ። አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ የካን አካዳሚን ቪዲዮዎችና መልመጃዎች፣ ከላይ የጠቀስኩትን ፌትንና ሌሎችንም ወደዚያ ማውረድ ይቻላል፤ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ኮምፒውተሮችና ስልኮች በአካባቢ ዋይፋይ ከዚያ ኮምፒውተር ያነባሉ። ከባዱ የመጀመሪያው ማውረድ ነው፤ ሙሉው ስብስብ በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ነው። ግን አንዱ ትምህርት ቤት ካወረደ ለሌላው በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኪዊክስም በዚሁ መንገድ ዊኪፒዲያን ከነሥዕሉ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ጽሑፎች ብዙዎቹ ገና አጫጭር ስለሆኑ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብቻቸውን አይበቁም፤ ለመነሻ ግን ይሆናሉ።

እስካሁን ያልኩት ብዙዎች ያልሞከሩትን ነው። ሁሉም የሚጠቀመው ቴሌግራም ነው፣ እሱን ሳያነሱ ስለ እኛ ክፍል መጻፍ አይቻልም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከተማ ውስጥ ብዙ ክፍል ወደ ቴሌግራም ተዛወረ፤ ትምህርት ቤት ሲከፈትም ቴሌግራሙ ቀረ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ባልደረሰበት ጊዜ ተማሪውም መምህሩም መጽሐፉን ያገኘው በፒዲኤፍ ነው። ፋይል ማስተላለፉ ቀላል ነው፣ በደካማ ኔትወርክ ይሠራል፣ አንዴ የወረደው ስልኩ ላይ ይቆያል። በእኔ መመዘኛ ጥሩ ነጥብ ያገኛል።

አደጋው ይዘቱ ላይ ነው። ማን እንደሚያስተዳድረው የማይታወቅ ቻናል በአንድ ሌሊት ሃምሳ ፋይል ይለቃል። ፋይሉ ላይ ያዘጋጀው ሰው ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ የየትኛው ሥርዓተ ትምህርት እንደሆነ አይገኝም። የትምህርት መዋቅሩ 6-2-4 (ስድስት ዓመት አንደኛ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ) ከሆነ በኋላም በድሮው መጽሐፍ የተዘጋጀ «የ9ኛ ክፍል አጭር ማስታወሻ» እየዞረ ነው፤ ተማሪው ለይቶ አያውቀውም፣ ቸኩሎ የሚያስተላልፍ መምህርም አይለየውም። የመልስ ቁልፎቹ ደግሞ የባሰ ናቸው። አንድ የቆየ የማትሪክ ጥያቄ በሦስት ቻናል ሦስት የተለያየ መልስ ተሰጥቶት አግኝቻለሁ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመሰጠቱ በፊት ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን የምናስታውስ ነን፤ ከዚያ ወዲህም «የዘንድሮው ፈተና ወጣ» እያሉ ከልጆች ገንዘብ የሚሰበስቡ አልጠፉም።

የቆየ ፈተና ፍለጋው ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ወላጁም፣ ተማሪውም፣ ርዕሰ መምህሩም ደነገጡ። ድንጋጤው ሁሉንም ወደ ጥያቄ ቋት መራው፤ ስልኩ ሁሉ በምርጫ ጥያቄ ተሞላ። ሁለተኛው አምፖል ለምን እንደማይደበዝዝ ያልገባው ልጅ ግን ሺህ ጥያቄ ቢያሸመድድ፣ ሺህ አንደኛው ቃሉን ለወጥ አድርጎ ሲመጣ ይጥለዋል። ለዚህ ነው ከጥያቄ ቻናል ይልቅ ሙከራውን፣ ካርዱንና ክርክሩን የማስቀድመው። ቴሌግራምን በተመለከተ ትንሽ ልማድ ብዙ ያስተካክላል፦ የትምህርት ክፍሉ መምህራን የራሳቸውን ዝግ ቻናል ይክፈቱ፤ ፋይል ከመለቀቁ በፊት አንዱ ያንብበው፤ በፋይሉ ስም ላይ ክፍል፣ ምዕራፍና ዓመተ ምሕረት ይጻፍበት። የተማሪዎችን ፎቶና ውጤት ግን እዚያ አለመለጠፍ ነው፤ ዝቅተኛ ነጥብ ያመጣች ልጅ ውጤቷ በሁለት መቶ ሰው ስልክ ላይ መኖር የለበትም።

በአማርኛ ለሚያስተምሩና ለሚፈትኑ ደግሞ የተለየ ጣጣ አለ። ጉግል ፎርምስ የሚባለው የኢንተርኔት መጠይቅ ማዘጋጃ ፈተናን በራሱ ያርማል፣ የእርማት ሸክም ላጎበጠው መምህር ትልቅ እፎይታ ነው። አጭር መልስ እንዲጻፍ ካደረጋችሁ ግን ተጠንቀቁ። መልሱ «ፀሐይ» ቢሆንና እናንተ እንዲህ ብትሞሉት፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ»፣ «ጸሀይ» ብለው የጻፉትን ልጆች ማሽኑ ሁሉንም ስህተት ይላቸዋል። ሞክሼ ፊደላትን እኛ እናነባቸዋለን፤ ኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚቆጥራቸው። መፍትሔው በአማርኛ ጥያቄ ላይ ምርጫ መጠቀም፣ ካልሆነም ለአንድ ጥያቄ ብዙ ትክክለኛ መልስ ማስገባት ስለሚቻል የአጻጻፍ ዓይነቶቹን ሁሉ መዘርዘር ነው።

የፊደሉ ነገር ማተሚያ ላይም ይከተለናል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት የሚያውቁበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ ገብቷል፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ዩኒኮድ ባልሆኑ የቆዩ ፎንቶች የሚጻፍ ፈተና አለ። መምህሯ ቤቷ በሚገባ የጻፈችው ፈተና ፎቶ ኮፒ ቤት ሲከፈት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅ ይሆናል፤ ፈተናው ደግሞ በማግስቱ ነው። በዩኒኮድ መጻፍ፣ ለማተሚያ ሲላክም ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ይህን ይዘጋዋል። በስልክ የሚጽፉ ሰዎች በጂቦርድ (የጉግል የስልክ መጻፊያ ሰሌዳ) ላይ አማርኛን መጨመር ይበቃቸዋል።

ለታችኛው ክፍል መምህራን ከሁሉ የሚያስደስተኝ የተረት መጽሐፍ ነው። አፍሪካን ስቶሪቡክ ከደቡብ አፍሪካ፣ ስቶሪዊቨር ከሕንድ የተነሱ ነፃ ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ ሁለቱም ዘንድ በአማርኛ የተዘጋጁ፣ ባለሥዕል፣ በንባብ ደረጃ የተከፋፈሉ መጻሕፍት ይገኛሉ። ፈቃዳቸው ክፍት ስለሆነ ማተም፣ ማባዛት፣ ለክፍሉ እንዲስማማ ማስተካከልም ይቻላል። ማስተካከሉ የግድ ነው፤ በበጎ ፈቃደኞች የተተረጎሙት ውስጥ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በቤት የሚነገረውን አማርኛ አይመስልም፣ ልጅ ፊት ከመቅረቡ በፊት መምህሯ ጮክ ብላ ታንብበው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆነው ልጆቻቸውን ፊደል የሚያስቆጥሩ ወላጆችም ሀ ሁ ካበቃ በኋላ የሚያስነብቡት ሲያጡ እነዚህን ይመልከቱ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ሳላነሳ ብቀር የሚቀየም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ዕለታዊ ዕቅድ በእሱ የሚያጽፍ ባልደረባ ብዙ ነው። ለእንግሊዝኛና ለሳይንስ ጥያቄ ማዘጋጃ እኔም እጠቀማለሁ፤ አንድን ጥያቄ በአምስት ዓይነት አስለውጬ ለየክፍሉ የተለያየ ፈተና አወጣበታለሁ፣ እያንዳንዱን ራሴ ከሠራሁት በኋላ። በአማርኛ ግን እጅ አልሰጥም። ፊደላችን ጥብቀትን፣ ማለትም ፊደሉ ጠብቆ ወይም ላልቶ መነበቡን፣ አያሳይም፤ «አለ» ተናገረ ይሁን ኖረ የሚለየው ሲነበብ ነው። ፈሊጣዊ አነጋገር ስጠኝ ስለው ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ፣ እናቴ ሰምታው የማታውቅ ነገር በሙሉ መተማመን ይደረድርልኛል። የአማርኛ መምህር ይህን ሳያጣራ ለ7ኛ ክፍል ከሰጠ፣ ቋንቋውን ገና ከሚማር ልጅ አእምሮ ውስጥ ማውጣት ከባድ ነው። የተማሪ ስምና ውጤትም እዚያ አይገባም።

የሚቀረው ወጪው ነው። የሌሊት ጥቅሉን የሚገዛው፣ ካርዱን የሚያሳትመው፣ ፍላሹን የሚገዛው መምህሩ ነው፣ ከዚያችው ደመወዝ። በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ትምህርት ቤት ለጠመኔ በጀት እንዳለው ሁሉ ለማውረጃም ሊኖረው ይገባል፤ የሚጠየቀውም ብዙ አይደለም። ለአንድ የትምህርት ክፍል አንድ ሃርድ ዲስክና በወር አንድ ጊዜ የሚሞላ ዳታ ይበቃል፤ የተሻለ መስመር ያለው አንዱ መምህር ያወርዳል፣ ሌሎቹ በፍላሽ ወይም ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል በሚያስተላልፈው ዜንደር ይቀባበላሉ።

እኔ አሁን ፍላሼ ላይ ያሉት ስምንት የፌት ሙከራዎች፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል አዲሱ መጽሐፍ ከመምህሩ መምሪያ ጋር፣ የፕሊከርስ ካርዶች ፒዲኤፍ፣ ሁለት ተርም የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎችና ልጆቹ በብዛት የሚሳሳቱበትን የጻፍኩበት አንድ ገጽ ናቸው። ዘንድሮ አዲስ የተመደበች የፊዚክስ መምህር መጥታለች። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ገልብጬ ሰጠኋት። በሦስተኛው ሳምንት ያቺን አንድ ገጽ መልሳ ላከችልኝ፤ እኔ ያላየኋቸውን አራት ስህተቶች ጨምራበታለች።